ያልቆጠርኩት አምስተኛ ቤት

ሥራዬ የደም ሳጥን ታቅፎ መሄድ ነበር። ክዳን ያለው ነጭ የበረዶ ሳጥን ነው፤ ውስጡ የጣት ያህል የሚረዝሙ የደም ብልቃጦች ይደረደራሉ። መኪናው በኬንያ በኩል ካለችው ሞያሌ ወጥቶ ወደ ጎልቦ ቆላ ሲወርድ መንገዱ ስለሚያንገጫግጭ ሳጥኑ ከኋላ አይጫንም። ሰው ጭኑ ላይ አድርጎ ይይዘዋል። ክብደቱን የመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩት። ያን የሚያህል ነገር በነጠላ ጠቅልዬ ሦስት ጊዜ ወደ መቃብር ወስጃለሁ።

"ሽማግሌው፣ እንቁላል ነው እንዴ የያዝከው?" ይለኛል ሾፌሩ።

"አንተ ዝም ብለህ ንዳ" እለዋለሁ።

ከናይሮቢ የሚመጣው አስፋልት ከተማችን የደረሰ ሰሞን ነው። የቀጠረችኝን ሴት ዶክተር ይሏታል እንጂ በሽተኛ የምታክም አልነበረችም፤ የሴል ተመራማሪ ናት። ከስደተኛ ወላጆች ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ ቤት ውስጥ የተለመደ አማርኛ፣ ነገር ሲጨንቃት ወደ ስዋሂሊ የምትሸሽ። ሕፃናት ተከታትለው የሚሞቱባቸውን ቤቶች ትፈልግ ነበር። እኔ ኦሮምኛም ስዋሂሊም እችላለሁ፤ መጻፍም እችላለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ካርባ ዓመቴ በኋላ፣ እዚህ ጉምባሩ በሚሉት የጎልማሶች ትምህርት ቤት፣ ከጫት ነጋዴ ሴቶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድሬ ነው። ሰው ሁሉ "ዓይንህ በራ" አለኝ። ምን ሊያይ እንደበራ የጠየቀኝ የለም።

በየቤቱ እየገባን የቤተሰቡን ዘር ወረቀት ላይ እስላለሁ። ወንዱ አራት ማዕዘን ነው፣ ሴቷ ክብ። የሞተው ላይ ሰያፍ መስመር ይሰመርበታል። መጀመሪያ ሰሞን በወረቀቶቼ ላይ አንድም ሰያፍ አልነበረም።

"ጋሼ፣ እዚህ አገር ሰው አይሞትም እንዴ?" አለችኝ ዶክተሯ ወረቀቶቹን እያገላበጠች።

ይሞታል። ግን ሰዉ የሞተ ሕፃን አይቆጥርም። "ስንት ልጅ አለሽ?" ስትላት እናት በሕይወት ያሉትን እንኳ በትክክል አትነግርህም፤ ልጅ ሲቆጠር አይወድም ይባላል። ኋላ ዘዴውን አገኘሁት፤ "ስንት ጊዜ አረገዝሽ?" ብሎ መጠየቅ ነው። ከዚያ ወረቀቴ በሰያፍ ተሞላ።

አንድ ቀን መኪና ውስጥ ምን እንደምትፈልግ ጠየቅኳት።

"ወታደር ነበሩ አይደል ጋሼ?"

"ታፍሼ የተጫንኩ ወታደር።"

"እሺ። ሰውነታችንን ከበሽታ የሚጠብቁ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። መቅኒ ውስጥ ሲወለዱ ምንም አያውቁም፤ ምልምል ናቸው። ከዚያ ከደረት አጥንት ጀርባ ያለች እጢ ውስጥ ገብተው ይሠለጥናሉ። አንዱ ገዳይ ይሆናል፣ አንዱ አዛዥ።"

"አንተ ይህን ሁን የሚላቸው ማን ነው?"

"ጂን የምንለው ነው። እሱ ትዕዛዙ ነው። ግን ትዕዛዝ ሁልጊዜ አይነበብም፤ ከፊቱ ማብሪያና ማጥፊያ አለው። እኔ የማጠናው ማብሪያውን ነው። ትዕዛዙ ምንም ሳይጎድለው ማብሪያው ብቻ ቢበላሽ፣ ምልምሉ ማሠልጠኛው በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ሕፃኑ ጤነኛ መስሎ ይወለዳል። ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ጥቂት ወር ያቆየዋል። ከዚያ አፉ ውስጡ ይነጣል፣ ተቅማጡ አይቆምም፣ ሳሉ..."

"ይበቃኛል" አልኳት።

የእኔን ቤት ነበር የምታወራው። ወንድ፣ ሴት፣ ወንድ። ሦስቱም ዓመት ሳይሞላቸው ሄዱ። ሳላቸው አንድ ነበር፤ ቀጭን፣ ደረቅ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት የሚል። ዛሬም ገበያ መሃል ከጀርባዬ ይሰማኛል። ዞር ስል ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ብቻ አያለሁ።

ሦስተኛውን በቀበርን ሳምንት ሚስቴን ሾተላይ አለብሽ አልኳት። ጎረቤት እየሰማ ነው ያልኩት። "የወለድሽውን የምትበዪ" አልኳትና ከቤት አስወጣኋት። ቡቲዬ ሄዳ ፍየል አርቢ ሆነች። ቡቲዬ ከከተማ በእግር የሚደረስበት ነው። አሥራ ሰባት ዓመት አልሄድኩም።

የቤቶቹ ዝርዝር ከጤና ጣቢያ ነበር የሚመጣልን። አንድ ጠዋት መኪናው ቡቲዬ አንድ የቆርቆሮ ቤት ፊት ቆመ። ያየኋት ከሩቅ ነው፤ አወቅኳት።

"ወገቤን አሞኛል። ሴትዮዋ አማርኛ ትናገራለች፣ አስተርጓሚ አያስፈልግሽም" አልኩና ቀረሁ።

ዶክተሯ ቆይታ ቆይታ ብልቃጥ ይዛ ወጣች። መስኮቱ ጋ ቆማ አየችኝ።

"የልጆቹ አባት የት ነው ብዬ ጠየቅኳት።"

"እሺ።"

"'ውጭ መኪናሽ ውስጥ ተቀምጧል' አለችኝ።"

ሾፌሩ ሬዲዮኑን ዘጋ። "ክንድዎን ያምጡ ጋሼ" አለች። ሰጠኋት። እጄን አስራ ደሜን እየቀዳች፣ "ደግሞ መልእክት አለዎት" አለችኝ። "'ያገኘሽውን ለእኔ አትንገሪኝ። ለሱ ንገሪው፣ እሱ መጥቶ ይንገረኝ' ብላለች።"

የዚያን ቤት ወረቀትም የሳልኩት እኔ ነኝ። አራት ማዕዘን፣ ክብ፣ አራት ማዕዘን፤ በየላያቸው ሰያፍ። መስመር ቀጥ አድርጎ ማስመር ጉምባሩ ላይ ተምሬያለሁ።

ውጤቱን ይዛ የመጣችው በዓመቱ ነው።

"በሁለታችሁም ደም ውስጥ አንድ ዓይነት ስብራት አለ" አለችኝ። "ማብሪያው ላይ፣ እዚያው ቦታ። እናንተን አይጎዳም፤ ሰው ሁሉ ሁለት ቅጂ ስላለው ደህናው የተሰበረውን ይሸፍነዋል። ከአባትም ከእናትም ስብራቱ የደረሰው ልጅ ነው የማይተርፈው። እኩል ነው ጋሼ። ከእሷ ብቻ አይደለም። ፖሌ።" በስዋሂሊ አይዞህ ማለቷ ነው። "ስብራቱን ሌላ ቦታ አላየሁትም። ከአንድ ሰው የወረሳችሁት ይመስላል። ዘመድ ናችሁ?"

"አይደለንም። ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው።"

ዋሸኋት። በዚያው ነገር ሁለተኛ ጊዜ ዋሸሁ።

የመጀመሪያውን የዋሸሁት ጦሩ ተበትኖ ኬንያ እንደገባን፣ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው። በእኛ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ካምፕ ውስጥ ግን የሚቆጥር ዘመድ ከየት ይመጣል? ድቁና የነበራቸው አንድ ሽማግሌ ድንኳናቸው በር ላይ አስቀመጡንና "እናንተው ቁጠሩ። እኔ እሰማለሁ፣ እግዚአብሔርም ይሰማል" አሉን። እሷ ቀደመች። አምስተኛው ላይ የአንዲት ሴት ስም ጠራች። "ወንዝ ተሻግራ የመጣች፣ አንድ ዓይኗ የጠፋ፣ በሬ ጠምዳ የምታርስ ሴት ነበረች አሉ" ብላ ሳቀች።

ሴትዮዋን አውቃታለሁ። የአባቴ ወገን የሚቆጠረው ከእሷ ነው፤ የእኔም አምስተኛ እሷ ናት። ያቺኑ ዓይን፣ ያቺኑ በሬ አባቴ ስንት ጊዜ አውርቶልኛል።

ተራዬ ሲደርስ አራት ቆጠርኩ። አምስተኛው ላይ ያሥር አለቃዬን ስም አስገባሁ። ጦርነት ላይ የሞተ ሰው ነው፣ አይከራከረኝም ብዬ። ሽማግሌው "ይሁን፣ ንጹሕ ነው" አሉ። ሌላ ሴት አልፈልግም ነበር። ምክንያቴ ይኸው ነው፤ የተሻለ የለኝም።

ዶክተሯ ከነገረችኝ በኋላ ሁለት ወር አልሄድኩም። የቤታችንን ዘር የሳልኩበትን ወረቀት ኪሴ ይዤው ዞርኩ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ፒኪፒኪ በሚሉት ሞተር ብስክሌት ተሳፍሬ ሄድኩ። ግልገሎቹን ከእናቶቻቸው እየለየች ነበር።

"መጣህ? አስፋልቱ እስኪሠራልህ ነው የጠበቅከው?"

"ሾተላይ የለብሽም" አልኳት።

"ይህን ልትነግረኝ ነው? ፍየሎቼም ያውቁታል።"

"ከሁለታችንም ነው። እኩል።" ከዚያ ድንኳኑን፣ ሽማግሌውን፣ አምስተኛውን ነገርኳት። አንዱን ሳላስቀር። እጇ ግልገሉ ላይ ቀረ።

"ያቺ አንድ ዓይናዋ?"

"አዎ።"

"ስሟን ስጠራ ስቄ ነበር እኮ። አንተም ስቀሃል።"

ስቄ ነበር።

"ወረቀት አለው አለችኝ ደሜን የወሰደችው ልጅ። አሳየኝ።" አውጥቼ ዘረጋሁላት። እሷ ማንበብ አትችልም። ጣቷን በቅርጾቹ ላይ አስኬደች። "ልጄ የቷ ናት? ሴቷ?"

"ክቧ።"

"ለምን ተሰረዘች?"

"የሞተ ይሰረዛል።"

"ማን ሰረዛት?"

"እኔ።"

ወረቀቱን ወደ እኔ መለሰችው። ከዚያ "ስማቸውን ጻፍበት" አለች።

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሦስቱን ጻፍኩ።

"አንብብልኝ።"

አሥራ ሰባት ዓመት ያልጠራኋቸውን ስሞች አነበብኩ። ሦስተኛውን አጉተመተምኩት።

"ድገመው" አለች። ደገምኩት።

"አሁን ያቺን አንድ ዓይናዋን ከላይ ጻፋት። ከእሷ ወደ እኔም ወደ አንተም አስምር። እዚያ ድንኳን በር ላይ እንደዚህ ነበር የሚሰመረው።"

አሰመርኩ። ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። "በል ሂድ። ግልገሎቹን ላጠባ ነው።"

አጥሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ያ ሳል ተሰማኝ። ቀጭን፣ ደረቅ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት። ዞር አልኩ። አንድ ከሲታ ግልገል ነበር።

እሷም ዞር ብላ ነበር።