ያልተላሱ ማንኪያዎች

የምግብ ዝግጅት መምህራችን አንዲት የሚጮህባት ቃል ነበረችው፤ «ቴስት!»፣ ቅመሱ ማለቱ ነው። ሽንኩርቱ ሲቁላላ «ቴስት!»፣ ውሃ ሲጨመር «ቴስት!»፣ ድስቱ ሲወጣ ደግሞ «ቴስት!» ይላል። በየጠረጴዛችን ላይ ሁለት ብርጭቆ ያስቀምጥልናል። አንዱ በንጹሕ የሻይ ማንኪያ የተሞላ ነው፤ ሌላው የቀመስንበትን የምንጥልበት ባዶ ብርጭቆ ነው። በመጀመሪያው ቀን «የማይቀምስ ሰው እኔ ክፍል ውስጥ አያልፍም» አለን። እኔም እንደ ሌሎቹ ራሴን ነቀነቅሁ። ዕለቱ የዓቢይ ጾም የመጀመሪያው ረቡዕ ነበር።

ሥልጠናው በነጻ ነው፤ ሥራ አልገኝ ላለን ሰዎች የተዘጋጀ። ከእስር የወጣ ጎልማሳ አለ፣ ልጆቿን ብቻዋን ስታሳድግ ሃያ ዓመት ያለፋት ሴት አለች፣ እኔም አለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ ሦስት ነው። የዶሮ ፋብሪካ ትከሻዬን ይዞት ቀርቷል፤ እንግሊዝኛዬ ደግሞ ስናደድ ብቻ ነው የሚፈታው። ማመልከቻ ባስገባሁበት ሁሉ «ሎካል ኤክስፒሪየንስ የለሽም»፣ የዚህ አገር የሥራ ልምድ የለሽም፣ ይሉኝ ነበር። አሥሩን ሳምንት ጨርሶ ፈተናውን ያለፈ ግን ሜድስቶን በሚባል ሰፈር ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ኩሽና ውስጥ ሥራ እንደሚያገኝ ተነገረን። ያንን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ፍሌሚንግተን ሰፈር ካለው ፎቃችን ወርጄ፣ ነጭ ሽርጥ አድርጌ፣ ሰው «ሼፍ» ብሎ ሲጠራኝ ታየኝ። ሥራውን ፈለግሁት፤ ምን ያህል እንደፈለግሁት ለልጄ እንኳ አልነገርኳትም።

ታዲያ ጾመኛ ነኝ ብለሽ አትነግሪውም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። አንድ ጊዜ ተናግሬ አይቼዋለሁ። ፋብሪካ ሳለሁ ለስቅለት ፈቃድ ጠይቄ፣ አለቃዬ «ጉድ ፍራይዴይ እኮ ባለፈው ሳምንት አልፏል» ብሎ ሳቀብኝ። የኛ ሌላ ነው ብዬ ብከራከረው ለአንድ ወር ሺፍቴን ቀነሰብኝ። ከዚያ ወዲህ አፌን መዝጋት ተማርኩ።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ማንኪያውን ድስቱ ውስጥ እነክራለሁ፣ አንድ ነገር የፈለግሁ መስዬ ወደ ፍሪጁ ዞር እላለሁ፣ ማንኪያውን በወረቀት ጥርግ አድርጌ ብርጭቆው ውስጥ እጥለዋለሁ። መምህሩ «እንዴት ነው?» ሲለኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ «በጣም ቆንጆ ነው!» እላለሁ። ቅቤው እየተንጫጫ፣ ሥጋው እየሸተተ፣ እኔ ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም። አንዳንድ ቀን ከረሃቡ ይልቅ ሳቄን መያዝ ነበር የሚከብደኝ።

ግን ምን ያስደንቃል? የፋሲካን ዶሮ ወጥ በየቤቱ የሚሠራው ማን ሆነና? ሁለት ወር ሙሉ ቅቤ ያልቀመሰች፣ ከስቅለት ጀምራ ያከፈለች ሴት አይደለችም? ጨዉን በአፍንጫዋ ትለካዋለች። ሽንኩርቱ ድምፁን ሲቀይር ታውቃለች፤ እንፋሎቱ ላይ ጎንበስ ብላ «አነሰው» ትላለች፤ ጾሙ ሲፈታ ወጡ ልክ ሆኖ ይገኛል። እኔም ያንኑ ሙያ ይዤ የፈረንጅ ድስት ላይ አጎነበስኩ። የማላውቀውን ነጭ ሶስ፣ የዓሣ ሾርባ፣ ካሴሮል የሚሉትን የሥጋ ወጥ ሁሉ በአፍንጫዬ ሠራሁት። መምህሩም እየዞረ የሁላችንንም ይቀምሳል። ለሌላው «ጨው!» እያለ ይጮሃል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ግን ደጋግሞ ይቀምስና ያልፋል። ነገሩ ያስጨንቀኝ ነበር።

የፈተናው ቀን ሲነገረን ረቡዕ ሆነ። በቃ፣ ረቡዕ መዓቴ ነው አልኩ። ትራም ውስጥ ሆኜ በጣቴ ስቆጥር ግን ጮኼ ልነሣ ምንም አልቀረኝ። ረቡዑ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ እስከዚያም ክፍሉ ለበዓል ዝግ ነው! በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕ አይጾምም! እቀምሳለሁ! ቤት ገብቼ ለልጄ ብነግራት፣ ከስልኳ ቀና ብላ «መም፣ ዌይት፣ እስካሁን ሳትቀምሺ ነው የምትሠሪው?» አለችኝና ተያይዘን ሳቅን።

የፈተናው ጠዋት የተሰጠኝ ምግብ የበሬ ሥጋ ካሴሮል በተፈጨ ድንች ነበር። ከመጦሪያው የመጣች የኩሽና ኃላፊ፣ አጭር ፀጉር ያላት ቆፍጣና ሴት፣ ወረቀቷን ይዛ ጥግ ላይ ቆማለች። ሥጋውን ጠበስኩ፣ ካሮቱን ጨመርኩ፣ ሁሉም እንደ ልማዱ ሄደልኝ። ከዚያ ማንኪያዬን አነሣሁ። ስንት ሳምንት ስሠራ የኖርኩትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አፌ ውስጥ አደረግሁት።

ክው አልኩ። ይሄማ የበሽተኛ ምግብ ነው! በርበሬ የለው፣ የሚነካ ነገር የለው። ይሄን ነው ሰው ሲያበላ የኖርኩት? አንድ ቁንጥር ጨው ጨመርኩና ቀመስኩ። ሌላም ጨመርኩ፣ ቀመስኩ። መቅመስ ደስ ሲል! የተጠቀምኩበት ማንኪያ ብርጭቆውን ሞላው። ቁንዶ በርበሬውንም ነሰነስኩበት። አሁን ገና ጣፈጠ ብዬ ወደ እንፋሎቱ ጎንበስ ስል፣ አፍንጫዬ ምላሴ ያለችውን አልተቀበለችም። ጨዉ በዝቷል።

ሃያ ደቂቃ ቀርቶኛል። ምላሴን «አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ» ብዬ፣ ግማሹን መረቅ በጭልፋ አወጣሁት፤ በምትኩ የፈላ ውሃ ሞላሁ፣ ሁለት ድንች ከትፌ ጨመርኩ፣ እሳቱን ከፍ አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ማንኪያ አልነካሁም። እየደጋገምኩ አሸተትኩ፤ ልክ ሲመጣልኝ አወጣሁት።

ኃላፊዋ ቀመሰች፣ ጻፈች፣ እንደገና ቀመሰች። መምህሩም ቀመሰና ግንባሩን ቋጠረ። «ዛሬ ጨዉ ትንሽ አልፏል» አለ፣ «አንቺ ግን እንዲህ አድርገሽ አታውቂም። ምን ሆንሽ?»

ልዋሽ አሰብኩና ሰለቸኝ። እንግሊዝኛዬ እንደ ተናደድኩ ቀን ተፈታ። «ዛሬ ስለቀመስኩ ነው!» አልኩት። ጾሙን፣ ፍሪጁን፣ ወረቀቱን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ቀረች። እኔ ሥራውን በገዛ አፌ የሸኘሁት መሰለኝ።

መምህሩ አልተገረመም። «አውቃለሁ» አለ። «የሌላው ሰው ማንኪያ ተልሶ ነው የሚመጣው። ያንቺ ያብረቀርቃል። ለምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ እንዳታፍሪ ብዬ አልጠየቅሁሽም። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ግን የሌላውን አንዴ፣ ያንቺን ድስት ሦስቴ ነው የምቀምሰው።» ከዚያ ወደ ኃላፊዋ ዞረ። «አንድም ቀን ምንም አልጨመርኩበትም።»

በሽርጤ ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ። ኃላፊዋ ግን አልቃሻ የምትወድ ሴት አልነበረችም። «ሰኞ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ትደርሻለሽ?» አለችኝ። የጠዋቱን በፈረንጅ ሰዓት ማለቷ ነው። በዚያው በፈረንጁ ሰዓት፣ ገና ሳይነጋ፣ በአራት ተኩል እደርሳለሁ አልኳት።

አሁን ሜድስቶን ነኝ። በዓለ ሃምሳም አልፏል። ረቡዕና ዓርብ ሲመጣ ማንኪያ ይዤ ወደ ፍሪጅ አልዞርም። አጠገቤ ለምትሠራው ሴት ማንኪያውን እሰጣትና፣ ኩሽናው ሁሉ እየሰማ፣ «ጾም ነኝ፣ ቅመሺልኝ» እላታለሁ።