ሙሀባ ለፊልም የተዳረች ዕለት

አክስቴ ሙሀባ በጣሊያን ጊዜ አምስት ፊልም ላይ ወጥታለች። በአገራችን በቀወት፣ ሸዋ ሮቢት ዙሪያ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው ዛሬ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም፤ ልጆቼ እንኳ ስነግራቸው የማሾፍ ይመስላቸዋል። እሷም ብትሆን ስለዚያ ስታወራ የሌላ ሰው ታሪክ የምትናገር ነው የምትመስለው። እኔ እየሰማሁ ደሜ ይፈላል፤ እሷ ማሽላዋን እየለቀመች በዚያው ድምፅ ትቀጥላለች።

ነገሩ የሆነው በ1930 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ጣርማ በር ላይ ተራራውን እየበሳ መንገድ ያወጣል፤ ጎን ለጎን ደግሞ እኛ በእሱ ሥር እንዴት ተደስተን እንደምንኖር ለአገሩ ሰው የሚያሳይ ፊልም ያነሳል። ፊልም አንሺው ላቡ የማይደርቅ ሰውዬ ነበር፤ የሸዋ ሮቢት ሙቀት አልተስማማውም። ሴት ፈለገ። ያመጡለት ሴቶች የፊልም ማንሻው ሲዞርባቸው ግማሾቹ ይስቃሉ፣ ግማሾቹ ፊታቸውን ሸፍነው ይሮጣሉ። ሙሀባ ግን ዝም ብላ ቆመች። በዚያ ዓመት እናቷን ወባ ገድሎባት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሳቅም ድንጋጤም ከፊቷ ጠፍቷል። ፊልም አንሺው ይህ እርጋታ መሰለውና በጣም ወደደው። የአካባቢው ሹም አባቷን ሷሊሕን ጠርቶ «ልጅህን ላካት» አለው። እምቢ የሚባልበት ጊዜ አልነበረም።

መጀመሪያ በሽተኛ ሆነች። ጤነኛ ክንዷን ይዘው መርፌ ወጉባትና «ፈገግ በዪ» አሏት። ቀጥሎ ገበያተኛ ሆና የሰው እህል ስትሸጥ ዋለች። በሦስተኛው አንገቷ ላይ ማተብ አስረው፣ የማታውቀውን ሕፃን አሳቅፈው ክርስቲያን እናት አደረጓት።

«እኔኮ እስላም ነኝ» አለችው አስተርጓሚውን በላይን።

«እኔስ ክርስቲያን አይደለሁ? ይህን አስተርጉም ሲሉኝ ማን ጠየቀኝ?» አላት። በላይ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ታክቶት ነበር።

በአራተኛው ሽፍቶች ባሏን የገደሉባት ሴት ሆነች። ሽፍታ የሚሉት አርበኞቹን ነው። መንገድ ዳር አፈር ቆለሉና መቃብር ነው፣ አልቅሺ አሏት። እንባ አልመጣም። ለእናቷም አልመጣም ነበር። በመጨረሻ ሽንኩርት ቆርጠው ዓይኗን አሹላት፤ እንባዋ ወረደ፤ ፊልም አንሺውም አጨበጨበ።

አምስተኛው ሙሽራ መሆን ነው።

ሙሀባ የታጨች ልጅ ነበረች። እጮኛዋ የጀውሃው አብዱልመጂድ ነው፤ ማሽላው ሲታጨድ ሊጋቡ ቀን ተቆርጧል። ሷሊሕ በዚህ የተነሳ ቢያመነታም በላይ «ጨዋታ እኮ ነው ጋሼ!» ብሎ አግባባው። ፊልም አንሺው ሁሉ ነገር የእውነት እንዲመስል ፈለገ፤ የእውነት አባት፣ የእውነት ሸህ፣ ምስክሮች፣ ለመህር፣ ለሙሽራዋ ጥሎሽ፣ የሚሰጥ ጣቃ አቡጀዲ። ሙሽራው ከጣርማ በር ቆፋሪዎች መሃል መልኩን አይተው የመረጡት አብዱሰላም የሚባል ልጅ ነው። በካሚዮን አምጥተው ነጭ ኩታ አለበሱት።

ሸህ አብዱልሀኪም ከንፈራቸውን ብቻ እንዲያንቀሳቅሱ ነበር የተነገራቸው። ግን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ የሙሽራይቱ አባትና ሙሽራው እጅ ለእጅ ተያይዘው ፊታቸው ሲቀመጡ ምላሳቸው የለመደውን የጋብቻ ቃል አለ። ሷሊሕም ተከትሏቸው «ልጄን ሙሀባን ዳርኩልህ» አለ። አብዱሰላም «ቀበልኩ» አለ። ደመና ፀሐዩን ጋርዶ ኖሮ ፊልም አንሺው ድገሙት አለ። ደገሙት። ሙሀባ በሻሿ ተከናንባ አቀርቅራ ስለነበር የልጁን እግር እንጂ ፊቱን አላየችም። ወዲያው ካሚዮኑ ጭኖት ሄደ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሸሁ በቅሏቸውን ድንገት አቆሙ።

«ሷሊሕ፣ ምንድን ነው ያደረግነው?»

«ምን አደረግን ያ ሸህ?»

«ኒካሕ ቀልድ የለውም። በጨዋታ ቢባልም የተባለ ነው። አንተ ሰጠህ፣ እሱ ተቀበለ፣ ምስክር አለ። ልጅህ ባል አላት።»

«አስተግፊሩላህ!»

«እሱ ፈትቻታለሁ ካላለ ለአብዱልመጂድ አትሆንም።»

የሚፈለገው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ሷሊሕ በሦስተኛው ቀን ተነስቶ፣ በቆላ ልብሱ ብርድ እየቆራረጠው፣ በአራተኛው ጣርማ በር ደረሰ። ቆፋሪዎቹ የሚታወቁት በቁጥር ነው። ጠባቂዎቹ አብዱሰላም የሚባል አናውቅም ብለው መለሱት። በላይ «አጠያይቅልሃለሁ» አለ፤ ሳምንት ሳይሞላ ወደ ሌላ አገር አዛወሩት። የሸሪዓ ዳኛው ቃዲውም መሞት መኖሩ ሳይታወቅ ጋብቻውን አላፈርስም አሉ። ማሽላው ታጨደ። አብዱልመጂድ ጠበቀ።

በሁለተኛው ዓመት አምስቱም ፊልሞች ተቀጥለው ሸዋ ሮቢት መጡ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ሲጨልም፣ ገበያው መሃል ነጭ ጨርቅ ወጥረው ለሕዝብ አሳዩ። ሙሀባ የሄደችው አብዱሰላምን ለማየት ነው፤ ፊቱን ካወቅሁት ፈልጌ አገኘዋለሁ ብላ። ሰዉ «ሙሀባ! ሙሀባ!» እያለ ይስቃል። ታመመች፣ ነገደች፣ ክርስቲያን ሆነች፣ ባሏ ሞተ፣ አገባች። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። አብዱሰላም ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለበት ጠይም ልጅ ነበር። ማንሻውን አላየም፤ የሚያየው እሷን ነበር። ከንፈሩ «ቀበልኩ» ሲል ድምፅ የለውም።

«የሚቀልድ ሰው አይመስልም ነበር» ብላኛለች።

አብዱልመጂድ ሦስተኛውን ዓመት አልቻለም፤ ሐምዲያ የምትባል የጀውሃ ልጅ አገባ። አልፈርድበትም። ሙሀባም አልፈረደችበትም። የሰርጉን ወሬ ስትሰማ ሮቢ ወንዝ ውሃ እየቀዳች ነበር፤ ቀድታ ጨረሰችና ተሸክማ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ በአራተኛው ወር፣ ጣሊያን በወጣ ሰሞን፣ አንድ አንካሳ ሰው ሷሊሕ ቤት መጣ። የአብዱሰላም የሥራ ጓደኛ ነኝ አለ። በብብቱ ነጭ ኩታ ይዟል።

«ከፊልሙ በተመለሰ በአምስተኛው ቀን ዋሻው ተናደበት» አላቸው። «የእኔም እግር የተሰበረው ያን ቀን ነው። ከዚያ ከሰፈር ሰፈር ሲያዞሩኝ ከረሙ፤ ገና አሁን መለቀቄ ነው። አብዱሰላም ሥራው ሲያልቅ ቀወት እወርዳለሁ፣ ሚስት አለችኝ ይል ነበር። ስንስቅበት ‹አባቷ እጄን ይዞ ሰጥቶኛል፣ እኔም ቀበልኩ ብያለሁ› ይለናል። ይህን ኩታ ለእሷ ነው ብሎ ደብቆ አስቀርቶት ነበር።»

ሷሊሕ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ፍቺ ፍለጋ በአራተኛው ቀን ጣርማ በር ስሙን እየጠራ ሲዞር፣ ልጁ እዚያው ተራራው ውስጥ በሕይወት ነበር።

ሸህ አብዱልሀኪም ተጠርተው መጡ። «ነፃ ነሽ ልጄ» አሏት። «ባል የሞተባት ሴት ዒዳ የምትቀመጠው አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። አንቺ ሳታውቂው ጨርሰሽዋል። ምንም አይጠበቅብሽም።»

«አውቃለሁ» አለችና ኩታውን ይዛ ገባች። አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አልወጣችም፤ አልተኳለችም፣ እንሶስላ አልሞቀችም።

«አለቀስሽለት?» ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«አላለቀስኩም» አለች፣ ማሽላዋን እየለቀመች። «ሽንኩርት ይዞ ዓይኔን የሚያሸኝ ሰው አልነበረም። ግን ባሌ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ፍታኝ ልለው ስፈልገው ከረምኩ።»