ባርድና ብርድ

አረብ አገር፣ ቁርጡባ የሚባል ሰፈር በሠራሁበት ቤት ዋናው ሥራዬ የማዳምን እናት መያዝ ነበር። ማማ ከቢራ እንላቸዋለን፤ ትልቋ እናት እንደማለት ነው። ስኳር አለባቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ አፋቸው ግን የልጃገረድ ነው። ስስቅ ካዩኝ "ጥርስሽን ቆጥቢው፣ ለባልሽ ይትረፈው" ይሉኝ ነበር። እወዳቸው ነበር።

ኮሮና ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት እግራቸው አስቸገራቸው። እስከ ጎረቤት ቤት ሲሄዱ ባታቸው ይጨመደዳል፤ ቆም ሲሉ ይተዋቸዋል፤ እንደገና ሲራመዱ ይመለሳል። እኔ እርጅና ነው ብዬ ነበር። ሐኪሙ የክንዳቸውንም የቁርጭምጭሚታቸውንም የደም ግፊት ለክቶ ከማዳም ጋር ብዙ አወራ። ከዚያ ሁሉ ወሬ እኔ ጋ የደረሰው መኪና ውስጥ ነው። ማዳም ወደ እኔ ዞራ "ማማ ሪጅል ባርድ፣ ኩሉ ዮም መሺ" አለችኝ። የማማ እግር ቀዝቃዛ ነው፣ በየቀኑ ይራመዱ ማለቷ ነበር።

እኔ የሰማሁት "ብርድ" ነው። ባርድ ቀዝቃዛ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ውሃ ባርድ፣ ሻይ ባርድ ስል ነው የምውለው። ነገሩ እግር ላይ ሲመጣ ግን ጆሮዬ ወሎ ገባ። እኛ አገር ብርድ ወገብ ይይዛል፣ ጉልበት ውስጥ ይገባል፣ መድኃኒቱም ሙቀት ነው። አረብኛ ችያለሁ ብዬ የምኮራ ሴት ደግሞ አልጠየቅኩም።

ለጊዜው ሐኪሙ ያዘዘው ክኒንና መራመዱ ያዘልን። ሕመሙ እስኪመጣ ሄደን፣ ቆመን፣ እንደገና እንሄዳለን። ከዚያ ሰዓት እላፊው መጣና ያም ቀረ። ሆስፒታል የተያዘላቸው ቀጠሮም ተሰረዘ፤ የጠበበውን የደም ሥር በትንሽ ፊኛ ነፍቶ ለመክፈት እንደነበር ያወቅኩት ኋላ ነው። ሰፈር ውስጥ መራመድ ሲፈቀድ እንኳ ማዳም በሽታው ይይዛቸዋል ብላ በሩን ቆለፈች። አልፈርድባትም፤ ሁላችንም ፈርተን ነበር። ማማ ሳሎን ተቀምጠው መዋል ሆነ። እግራቸው ገረጣ፣ ጣቶቻቸው ስነካቸው ቀዘቀዙኝ።

አንድ ጠዋት "ዛሬስ ይህን ብርድ አባርረዋለሁ" አልኩና ውሃ አፍልቼ፣ ሳፋ ላይ ጨው በትኜ እግራቸውን ዘፈዘፍኩት። ሙቀቱን የለካሁት በእጄ ነው፤ እጄ ደግሞ ትኩስ ድስት ማንሳት የለመደ ነው። "አላቃጠለዎትም?" ስላቸው "ምንም አልተሰማኝም፣ ጨምሪ" አሉኝ። ጨመርኩ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለእኔ ነው። ሳወጣው ትንሿ ጣታቸውና ተረከዛቸው ቀልተው ነበር፤ ደም መጣለት ብዬ ደስ አለኝ። በማግስቱ ውሃ ቋጠረ።

ሐኪሙ በስልክ በቪዲዮ አየው። "የሞቀ ነገር ነክቶታል ወይ?" ብሎ በማዳም በኩል ጠየቀኝ። ማማ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ፖሊስ ታየኝ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ታየኝ፣ ባዶ እጄን አገሬ ስገባ ታየኝ። "ላ" አልኩ፣ አልነካውም ማለቴ ነው። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ማማ አዩኝ፣ ግን ቃል አልተነፈሱም። ሐኪሙም ጫማ ልጦት ይሆናል ብሎ ቅባት አዘዘ፤ በሳምንት ካልተሻላቸው አምጧቸው አለ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ጣቷ ጠቆረች። አምቡላንስ ወሰዳቸው፤ አስታማሚ አይገባም ተባልን። እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ማዳም ነገሩን በደንብ ያስረዳችኝ ያን ጊዜ ነው፣ ወጥ ቤት ቆመን። እግሩ የሚቀዘቅዘው ደም ስለማይደርሰው ነው አለችኝ። የደም መንገዱ ቆሻሻ እንደጋገረበት ቧንቧ ጠቧል፤ ሙቀት አይከፍተውም። በስኳር የደነዘዘ እግር ቢቃጠል አያውቅም፣ ከቆሰለም የሚያድነው ደም የለውም። ይህን ያን ቀን መኪና ውስጥ ብትነግሪኝ ኖሮ ልላት አፌ ላይ መጣ። ግን ስጠየቅ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ዞሬ ሰሃን አጠብኩ።

ማማ ሲመለሱ ልጃቸው ቁስሉ እንዴት እንደጀመረ ጠየቀቻቸው። "የአላህ ነው" አሉ፣ እኔን ሳያዩ። ከዚያ በኋላ በጥርሴ ቀልደው አያውቁም። ይቅር ይበሉኝ ይቀየሙኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማዳም ግን አቅፋኝ አለቀሰች። "ካንቺ በላይ የሚያውቅላት የለም፤ ይሄ የቀረው እግር አማና ነው" አለችኝ። አደራ ማለቷ ነው። ይህን ቃል በትክክል ሰማሁት። ማዳም ስትወጣ ተንበርክኬ የማማን ካልሲ አወለቅኩ፤ የቀረውም እግር ቀዝቅዟል።