እህቴ ባለችበት ከተማ ሆቴል መያዝ

ረቡዕ፣ ከኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ መነሻ

ትምህርት ቤት ለሰመር በተዘጋ በሳምንቱ ከቤት ወጣሁ። ሴይንት ፖል ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ድራይቭ ማድረግ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ስለሆነ፣ የኔ ዓመት የሚያልቀው በሰኔ ነው። የምሄደው ሮም ነው። እዚያ ታላቅ እህቴ ሰዓዳ አለች። ካየኋት አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል።

ሰዓዳ ሮም ውስጥ አንዲት አሮጊት እንደምትንከባከብ ሁላችንም እናውቃለን። የምትልካቸውንም ፎቶዎች እናውቃቸዋለን፤ ሰፊ ሳሎን፣ ቀይ ሶፋ፣ በረንዳ ላይ የቆመ የሎሚ ዛፍ። እናታችን ኮምቦልቻ ሆና ፎቶውን ለመጣ ለሄደው ታሳያለች። «የሰዓዳ ቤት ነው» ትላለች።

እኔ ደግሞ ጠርጣራ ነኝ። ጠዋት የአውቶቡሱን ጎማ፣ መብራትና የአደጋ በር አንድ በአንድ ቼክ ሳላደርግ አልነሳም። ስመለስም የተኛ ሕፃን እንዳይቀር እስከ መጨረሻው ወንበር ሳልሄድ አልወርድም። የሮሙንም ሆቴል የመረጥኩት በዚሁ ጠባዬ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የአውቶቡሶቹ ጋራዥ ውስጥ የመነሻ ተራዬን እየጠበቅሁ ያደሩበት ሰዎች የጻፉትን ሪቪው አነበብኩ። የምጀምረው ከመጥፎ መጥፎው ነው። «ቁርሱ አይረባም» የሚለው ግድ አይሰጠኝም። «በሩ በደንብ አይቆለፍም» ወይም «ስንደርስ የተቀበለን ሰው የለም» ያሉ ሁለት ሰዎች ካገኘሁ ግን ያንን ቤት አልፈዋለሁ። ባለቤቴ ሰይድ ይህን ቤታችንን ስንገዛ እንኳን እንዲህ እንዳልመረመርኩ እያነሳ ሲስቅብኝ ከረመ።

ቡክ ካደረግሁ በኋላ ለሰዓዳ ደውዬ ነገርኳት።

«እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» አለችና ስልኩን ዘጋችው። ሁለት ቀን አላነሳችልኝም።

ጥፋቷ አልነበረም። በእኛ ቤት እህት ባለችበት ከተማ ከፍሎ መተኛት እህትን በአደባባይ ከመስደብ አይለይም። ሰይድም የምጠይቀው እህቴን ነው ወይስ ከተማውን ብሎ ተቆጣኝ። ካንስል አደረግሁት። የዚህ ጉዞ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የማላውቀውን ሰው ቤት ሦስት ሳምንት የመረመርኩ ሴትዮ፣ እህቴ ጋ ሲደርስ አድራሻዋን እንኳን መጠየቅ አፈርኩ።

ከሰዓት ሰይድ ኤርፖርት አደረሰኝ። ሚኒያፖሊስ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ልብስ የምትሰፋ አንዲት ሴት በጉርዴ ውስጥ በኩል ዚፕ ያለው ኪስ ሠርታልኝ ነበርና ፓስፖርቴና ካርዴ እዚያ ገቡ። ፍተሻው ላይ ታዲያ ፓስፖርት አሳዪ ስባል ሰው ሁሉ እያየኝ ጉርዴን መግለብ ሆነ። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ሂክማ ከገመዱ ወዲያ ሆና በእንግሊዝኛ «እናቴ አይደለችም» እያለች ለሰይድ ስትነግረው ሰማኋት።

ሐሙስ፣ ሮም

አምስተርዳም ላይ አውሮፕላን ቀይሬ ሮም ገባሁ። ከኤርፖርት ወደ ዋናው ጣቢያ የሚወስደው ባቡር አሥራ አራት ዩሮ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሄዳል። በመስኮት የደረቀ ሣር፣ ጃንጥላ የመሰሉ ጥዶችና ልብስ የተሰጣባቸው በረንዳዎች ይታያሉ።

ሰዓዳ ባቡሩ የሚቆምበት ጫፍ ላይ ቆማ ነበር። አጠረችብኝ። ተቃቅፈን አለቀስን፤ ሰው እየገፋን እያለፈ ዝም ብለን አለቀስን። ዓይኗን ሳትጠርግ የእጅ ቦርሳዬን ከጎኔ ወደ ሆዴ አዞረችው። አውቶቡስ ውስጥ አንዱ ያለምክንያት ከተጋፋሽ የሚሰርቅሽ ሌላኛው ነው አለችኝ። እውነትም ሦስተኛው ፌርማታ ላይ አንድ ጋዜጣ የዘረጋ ሰው ተጠጋን። ሰዓዳ በጣልያንኛ ሁለት ቃል ብትለው በሚቀጥለው ወረደ። ኮራሁባት።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ሁለት ሰው ከአንድ ሻንጣ ጋር አይችልም። በደረጃ ስንወጣ ቀስ ብለሽ አውሪ አለችኝ። ገብተን ሳንቀመጥ ሌላውን ነገረችኝ፤ በመንገድ በኩል ያለውን መስኮት እንዳልከፍት፣ ጫማዬን ደጅ እንዳላወልቅ፣ ደወል ቢደወል እንዳልከፍት። ነገሩ አልጣመኝም። ግን ቀዩ ሶፋ አለ፣ የሎሚው ዛፍ አለ። ሩዝ የተሞላ ቲማቲም በምድጃ ጠብሳ አቀረበችልኝ፤ እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር በልቼ አላውቅም። አሮጊቷ ዳሌዋ ተሰብሮ የማገገሚያ ክሊኒክ መግባቷን፣ እሷም ምሳ ልታበላት በየቀኑ እንደምትሄድ አጫወተችኝ። እኔም ሌላ ሳልጠይቅ ሳህኔን ጨረስኩ።

ለእኔ ሰፊው የእንግዳ መኝታ ቤት ተነጥፎልኛል። መጸዳጃ ቤት ስፈልግ ወጥ ቤቱ አጠገብ ያለ ትንሽ በር ከፈትኩ። አንድ ጠባብ አልጋ፣ ከአልጋው ሥር የተጠቀለለ መስገጃ፣ ግድግዳው ላይ ከአሮጊቷ ክፍል ድምፅ የሚያመጣ ትንሽ መሣሪያ። በሩን መልሼ ዘጋሁት።

ዓርብ

ሰዓዳ ለምሳ ወደ ክሊኒክ ሄደች፤ እኔ ድካም አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደወሉ ተደወለ። ኮሪደሩ መሀል ነበርኩ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ረጅም አድርጎ። እዚያው ቁጢጥ አልኩና ትንፋሼን ያዝኩ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በየቀኑ ስልሳ የሰው ልጅ አምነው የሚሰጡኝ ሴት በሰው ኮሪደር እንደ ሌባ ተደብቄያለሁ። ደዋዩ ሲሄድ እንኳን ቶሎ መነሳት አቃተኝ።

ሰዓዳ ስትመለስ አልነገርኳትም። ከሰዓት ከተማውን አሳየችኝ። በየመንገዱ ማዕዘን ሌት ተቀን ቀዝቃዛ ውኃ የሚፈስበት የብረት ቧንቧ አለ። አፉን በጣት ሲደፍኑት ውኃው በላይ በኩል ባለ ቀዳዳ ወደ አፍ ይፈናጠራል። እሷ እያሳየችኝ ስትስቅ ልጅነታችን ትዝ አለኝና፣ መጠየቁን ለነገ አሳደርኩት።

ቅዳሜ

ጠዋት ልንወጣ ስንል የሕንፃው ጠባቂ ሴትዮ ደረጃው ላይ አስቆመችን። እኔን እያየች ሰዓዳን ጠየቀቻት። ሰዓዳ መለሰች። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀችና ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ጣልያንኛ አልችልም፤ የእህቴ ፊት ሲገረጣ ማየት ግን ቋንቋ አይፈልግም።

ወደ ቤት ተመልሰን በሩን ዘጋን።

«እትዬ፣ ምን አለችሽ?»

«ማናት አለችኝ። ጽዳት የምታግዘኝ ናት አልኳት። ትናንት አንቺ ወጥተሽ ሳለ ኮቴ ሰምቼ ብደውል ማንም አልከፈተልኝም፤ ማታም በጓሮ በኩል የእንግዳው ክፍል መብራት በርቶ አይቻለሁ አለች። ለልጁ ልትደውል ነው።»

ልጁ ማለት ሚላኖ የሚኖረው የአሮጊቷ ልጅ ነው። የሰዓዳን ደመወዝ የሚከፍለው እሱ ነው። በዚህ ቤት ከእሷ በስተቀር ማንም እንዳያድር የነገራትም እሱ ነው።

«አንቺስ የራስሽ ቤት የታለ?»

«አየሽው እኮ» አለች። «ወጥ ቤቱ አጠገብ።»

ሁሉንም ነገረችኝ። ባዳንቴ ነው የሚሏቸው፤ አሮጊትና ሽማግሌ ቤት እያደሩ የሚንከባከቡ። በአሥራ አራት ዓመት ሦስት ሰው ቤት ተቀጥራ ሠርታለች፤ በሦስቱም ያደረችው ከሰው ጓዳ ነው። ሥራው ከቀረ መኝታውም በዚያው ቀን ይቀራል። ይህን ሁሉ እያወቀች ነው እኔን ያመጣችው፤ ሆቴል ገባች እንዳይባል።

ተናደድኩ። ወላሂ፣ በእሷ ይሁን በራሴ እስካሁን አላውቅም። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮህኩባት፤ ቀስ ብለሽ አውሪ የተባልኩትንም ረሳሁት።

«አሥራ አራት ዓመት ያወራሁትን በምን አፌ ልመልሰው?» አለችና ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ሶፋው ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ቶሎ ለመነሳት እንደተዘጋጀ ሰው።

ሻንጣዬን ዘጋሁ። አንሶላውን አውልቀን አጠብን። ከዚያ ጠባቂዋ ከምትነግረው ቀድማ ራሷ እንድትደውልለት ለመንኳት። ከቤቱ በታች ያለ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ደወለች። ኋላ እንዳስረዳችኝ ሳትዋሽ ነገረችው፤ እህቴ ናት፣ ሁለት ሌሊት አደረች፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰውየው ወጥታለች ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎ አለችው። የእንግዳ ክፍሉን ቆልፋ ቁልፉን ለጠባቂዋ እንድትሰጥ፣ ደግሞም እንዳይለመዳት ነግሯት ስልኩን ዘጋ። ሥራዋ አልቀረም። እሷ ግን አልተደሰተችም። ቁልፉን ለጠባቂዋ ስትሰጥ ቀና ብላ አላየቻትም።

አሁን መኝታ መፈለግ መጣ። ያ የመረጥኩት ሆቴል ሞልቷል። በስልክ ያገኘነው የመጀመሪያ ቦታ ጣቢያው አጠገብ ነበር። ሰው የለውም፤ በሩ ላይ የቁልፍ ሣጥን ተንጠልጥሏል፣ የደረጃው መብራት አይበራም። ዋጋው ርካሽ ነው። እኔ ግን ዘወር አልኩ። ሁለተኛው ዳቦ ቤትና ፋርማሲ ባለበት መንገድ ላይ ያለ ትንሽ ፔንሲዮን ነው፤ እናትና ልጅ ሲገቡ ሲወጡ ይታያል፣ መቀበያው ላይ ሴት ተቀምጣለች። ክፍሉን ሳላይ አልከፍልም አልኳት፤ ሰዓዳ እያፈረች ተረጎመችልኝ። ሁለተኛ ፎቅ ነው። ቁልፉን ከውስጥ ሁለቴ ሞከርኩት። ከበሩ እስከ አደጋ መውጫው አሥራ ስድስት እርምጃ ቆጠርኩ። ሁለት አልጋ፣ ዘጠና አምስት ዩሮ፣ የከተማው ግብር ለብቻ።

ሴትዮዋ የሁለታችንንም መታወቂያ ጠየቀች፤ ሕጋቸው ነው። ሰዓዳ ወረቀቷን ስትሰጥ አመነታች። ሴትዮዋ ስሟን በሙሉ ጻፈች፣ ፈገግ ብላ አንድ ነገር አለቻትና ቁልፉን ለእሷ ሰጠቻት።

«ምን አለችሽ?» አልኳት።

«እንኳን ደህና መጡ ሲኞራ አለችኝ» አለች።

እሁድ

እሁድ የዕረፍት ቀኗ ነው። ከአንድ ግብፃዊ ቤት ዶሮ በሩዝ ገዝተን ክፍላችን ውስጥ በላን። ሶላታችንን ሰገድንና ጋደም ልበል አለች። እኔ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ መንገዱን አያለሁ፤ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

አንድ ሰዓት ያህል እንደተኛች ድንግጥ ብላ ተነሳችና እግሯን ወለሉ ላይ አደረገች። ዓይኗ አላየኝም።

«ጠሩኝ?» አለች።

«ማንም አልጠራሽም፤ ተኚ» አልኳት። ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። ከዚያ እግሯን መልሳ ሰቅላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኛች፤ እኔም ክፍሉን ለመጥረግ የመጣችውን ልጅ በእጄ ምልክት መለስኳት።

ማክሰኞ፣ መመለስ

ጣቢያው ላይ ሰዓዳ እጄን ይዛ አንድ ነገር ለመነችኝ፤ ሆቴል ማደሬን ለእማዬ እንዳልነግራት። እሺም እንቢም ሳልላት ባቡሩ ተነሳ።

ሚኒያፖሊስ ሳርፍ ሰይድና ሂክማ ቆመው ጠበቁኝ። በመንገድ ሳስበው መጣሁ። ለሚሄድ ሰው የምነግረው ብዙ ነው፤ ቦርሳህን ከፊትህ አድርግ፣ ሰው የማይቀበልህ ቤት አትግባ፣ በሩን ሳትሞክር አትክፈል። ለራሴ የቀረኝ ግን ሌላ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ በየሳምንቱ ደውዬ ጤናዋን፣ ሥራዋን፣ ብርዱን ጠይቄያታለሁ። የት ነው የምትተኚው ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። አፍሬ አይደለም። ፎቶው ደስ ስላለኝ ነው።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ደወልኩ። እማዬ የሰዓዳን ጤና፣ ውፍረቷን፣ ጥርሷን ሁሉ ጠየቀችኝ። ስለ ቤቱ አላነሳችም። ልዋሻት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሳትጠይቀኝ ግን አቃተኝ።

«እማ፣ እኔ ያደርኩት ሆቴል ነው» አልኳት። «ሰዓዳም አብራኝ።»

ልትቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«አውቃለሁ እኮ» አለች። «ሁልጊዜ ቀስ ብላ ነው የምታወራኝ። በገዛ ቤቷ ያለች ሴት እንደዚያ አታወራም።»

«ታዲያ ፎቶውን ለሰው ለምን ታሳያለሽ?»

«እሷ እንዲደላት ነዋ። ተኛች ወይ?»

«እሁድ ከምሳ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ደግሞ «ስሚ፣ ሌላ ጊዜም ስትሄጂ ሆቴል ያዢላት» አለችኝ።