ያልተሰማኝ እሳት

የሕመሜ የመጀመሪያ ምልክት ምንም አለመሰማት ነበር።

በፍልሰታ ጾም፣ በነሐሴ ፀሐይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ በቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሬ ቆሜአለሁ። በጅቡቲ የኖረ ሰው ያንን ሲሚንቶ ያውቀዋል። ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ፣ ከደጁ እስከ ምንጣፉ ያለችውን ጥቂት እርምጃ በጣቱ ጫፍ እየዘለለ፣ «ኧረ እግሬ! ኧረ በማርያም!» እያለ ነው የሚያልፋት። እኔ ግን ቅዳሴው እስኪያልቅ ንቅንቅ አላልኩም። እግሬ ምንም አላለኝም።

አስተናባሪ ነበርኩ። ሰው አስተናግዳለሁ፣ መንገድ አሳያለሁ፤ እውነቱን ከተናገርኩ ግን ዋናው ሥራዬ ጫማ መጠበቅ ነበር። ጫማውን ሳያወልቅ ደፉን ሊረግጥ የሚሞክር ካየሁ አልምርም። ከፕላቶ ዱ ሰርፓን ኤምባሲዎች የመጣ ባለሥልጣንም ይሁን የወደብ ወዛደር፣ «ጫማ!» እለዋለሁ። ያን ቀን ሴቶቹ ከኋላዬ፣ «አይ በቀለ! እንዴት ያለ ጽናት ነው!» ሲባባሉ ሰማሁና ደረቴን ነፋሁ። ጸጋ መስሎኝ ነበር። ኒውሮፓቲ የሚባል ነገር፣ ስኳር ነርቭን ሲያደነዝዝ የሚመጣ፣ በዓለም ላይ መኖሩን ያወቅሁት በኋላ ነው።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር ሆኗል፤ ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ባሕሩን ተሻግራ የመን ልትገባ ያሰበች፣ ከአገር ቤት በእግሯ የመጣች አንዲት ልጅ ደጁ ላይ ደረሰች። እግሮቿ በጨርቅ ተጠምጥመው ከሥራቸው የፕላስቲክ ሸበጥ አለ።

«ጫማ!» አልኳት።

«ጋሼ፣ እግሬ ቆስሏል። ጨርቁ ከተፈታ መራመድም አልችል» አለችኝ።

«እዚህ ቤት ሁሉም ያወልቃል» አልኳት።

አልተከራከረችኝም። ወደ ውጭ ወጥታ ግንቡን ተደግፋ ጸለየች፣ ተሳለመች፣ ሄደች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

በአራተኛው ቀን፣ ጋቦዴ ባለው ቤታችን፣ ባለቤቴ ጽጌ አፍንጫዋን ይዛ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ካልሲህ ውስጥ ምን ሞቷል?» አለችኝ። የቀኝ ውስጥ እግሬ ውኃ ቋጥሮ ፈንድቷል፤ ከትልቁ ጣት ሥር ጠቁሯል። አያምም። ስለማያም ናቅሁት። ጸበል ረጨሁበት፣ በንጹሕ ጨርቅ አሰርኩትና ሥራዬ ሄድኩ። ለነገሩ ከዚያ በፊትም ምልክቱ ሞልቶ ነበር። ወራት ሙሉ ውኃ ጥም ሲያቃጥለኝና ሽንት ቤት ስመላለስ ከርሜአለሁ፤ ጅቡቲ ውስጥ ታዲያ የማይጠማው ማን ነው? ሱሪዬ ሲሰፋኝ ደግሞ ጾሙ ነው አልኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ወገቡን አጠበብኩና ለበስኩት። የገዛ ሰውነቴ ሲያልቅ በገዛ መርፌዬ እየሸፈንኩለት ነበር ማለት ነው።

በሳምንቱ ካርትዬ ሁለት ሰፈር ካለችው ሱቄ ውስጥ፣ የስፌት መኪናዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ብርድ ብርድ አለኝ። በነሐሴ፣ በጅቡቲ፣ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። ከዚያ በኋላ ያለውን የማስታውሰው ከሆስፒታሉ አልጋ ነው።

ሐኪሟ የአገሬው ሴት ነች፤ የተነጋገርነው በፈረንሳይኛ ነው።

«ሙስዩ በቀለ፣ ስኳርዎ አራት መቶ ሰባ ነው። ከያዘዎት ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«እኔ ስኳር የለብኝም» አልኳት።

ወደ እግሬ ዝቅ አለች። ቆየት ብላ ቀና አለችና፣ «ተሰማዎት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ምኑ?»

መርፌውን አሳየችኝ።

ኢንሱሊን ጀመሩልኝ። አንቲባዮቲክ በደም ሥር ሰጡኝ። ትልቁን ጣት ቆረጡት። አልቆመም። ጥቁረቱ ወደ ላይ ወጣ። ጋንግሪን አሉት።

«እግሩን ካላነሳን እርስዎን እናጣለን» አለችኝ ሐኪሟ። «ከጉልበት በታች ነው። ጉልበትዎን አተርፍልዎታለሁ።»

ጽጌን አየሁ። ጽጌ ግድግዳውን አየች። እምቢ አልኩ። አንድ ቀን ሙሉ እምቢ አልኩ። ትኩሳቱ ጨመረ። ጽጌ እጄን ያዘች።

«እኔ ያገባሁት እግርህን አይደለም» አለች።

ፈረምኩ። ቆረጡት።

ስነቃ የቀኝ እግሬን ጣት በላኝ። ላክከው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አንሶላው ለጥ ብሎ ተኝቷል። ሐኪሟ፣ «ፋንቶም ይባላል፤ አንጎልዎ እግሩ እንዳለ ነው የሚያውቀው። አብረውት ይኖራሉ፣ አይፍሩት» አለችኝ። አለቀስኩ። ሰው እያየኝ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ቤት ስገባ ግድግዳ ዞሬ ተኛሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለገጠማችሁ ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ከቁስሉ ይልቅ የከበደኝ ይኸኛው ነበር። ሰው የምባለው በመቆሜ ነበራ! የባቡር ሠራተኛው አባቴ ያቺን ቤተ ክርስቲያን እየተሳለመ ነው ያሳደገኝ፤ እኔ በተራዬ በደጇ ስቆም እዚህ አገር ስም ያለኝ ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበር። አሁን መቆሙ የለ። መስቀል አለፈ፣ ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፤ አልሄድኩም። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያቺ ልጅ ግንቡን ተደግፋ ትመጣብኛለች። በእግሯ ከለከልኳት፣ በእግሬ ተቀጣሁ አልኩ። እግዜር ዘንድ ያለኝ ሒሳብ በዚህ ተዘጋ ብዬ ደመደምኩ።

በጥር ፕሮቴዝ ተሠራልኝ፤ ሰው ሠራሽ እግር ነው። የሠራልኝ ባለሙያ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። «ያለ ጫማ እንዳትራመድበት። ተረከዙ በጫማው ከፍታ ልክ ነው የተስተካከለው፣ ትወድቃለህ። ውኃም አታስነካው።» ሳቅሁ። ሳቄ ደስ አይልም ነበር። ስንቱን በጫማ ያሳፈርኩ ሰውዬ የማይወልቅ ጫማ ተሰጠኝ!

አባ ተክሌ የንስሐ አባቴ ናቸው፤ ሸምግለዋል፣ ጉልበታቸውም ደህና አይደለም። በዐቢይ ጾም ቤቴ መጡ።

«በቀለ፣ ምነው ጠፋህ? ደጁ ያላንተ ቀዘቀዘ» አሉኝ።

«አባ፣ እግዜር ቀጥቶኛል» አልኳቸውና የልጅቷን ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጅቷንስ በድለሃል፤ ንስሐ ትገባበታለህ። እግርህን የወሰደው ግን ስኳር ነው። እግዜርን በስኳር ሥራ አትክሰስብኝ» አሉ።

«እሺ፣ ታዲያ መጥቼ ምን ልጠቅም ነው? መቆም አልችል፣ ጫማ ማውለቅ አልችል።»

«ማን ጥቀመኝ አለህ? ና ነው የተባልከው» አሉኝና መስቀላቸውን አሳልመውኝ ወጡ። ተናደድኩባቸው። እንዲህ ቀላል ነው እንዴ? ቃላቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም።

በጸሎተ ሐሙስ ጽጌ ነጠላዬን አጣጥፋ አልጋው ላይ አስቀመጠችና፣ «ብትሄድም ባትሄድም እኔ ሄጃለሁ» አለች። ሄድኩ። ደጁ ላይ ስደርስ እግሬ ሳይሆን ልቤ ከዳኝ። ሲሚንቶው ያው ነው። አባ ተክሌ ከውስጥ አዩኝ፤ ዲያቆኑን ልከው ከጫማዬ ላይ ነጭ ጨርቅ አስጠመጠሙልኝና በሩ አጠገብ ወንበር ሰጡኝ።

የዚያን ቀን ካህናቱ የሕዝቡን እግር ያጥባሉ፤ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ። አባ ተክሌ ሳህኑን ይዘው፣ ከድሬዳዋ የመጣውን የወይንና የወይራ ቅጠል በውኃው ነክረው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ በጉልበታቸው እየሄዱ እኔ ዘንድ ደረሱ። ግራ እግሬን ዘረጋሁላቸው። አጠቡት፣ በቅጠሉ አሹት፣ አደረቁት። ቀኙን ወንበሩ ሥር ደብቄዋለሁ። ይነሣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሡም።

«ያንኛውን» አሉ።

«አባ፣ እሱ እኮ ፕላስቲክ ነው።»

«ከቤትህ በምን መጣህ?»

«በሱ።»

«እንግዲያማ እግርህ ነው። አምጣው።»

ጨርቁን ፈቱ። የጫማውን ክር ፈቱ። ካልሲውን አወለቁ። ሰው ሁሉ ያያል። አፈርኩ። ደግሞ በዚያች ሰዓት የማስበውን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ ብሎኑ ሊዝግ ነው እያልኩ ነበር። ውኃውን አፈሰሱ።

ተሰማኝ።

ለብ ያለ ውኃ። በውስጥ እግሬ ላይ። በጣቶቼ መሃል። በሌሉኝ ጣቶች መሃል። የወንበሩን ጠርዝ ጨብጬ ያዝኩ። ወደ ታች አየሁ፤ ፕላስቲክ ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እግር ነው። አቤት ጌታዬ! እያለኝ እሳት ያልተሰማው እግሬ፣ ከተቀበረ በኋላ ውኃ ተሰማው። አባ ተክሌ በነጠላቸው ጫፍ፣ ከብሎኖቹ መሃል እንኳ ሳይቀር ቀስ ብለው አደረቁትና ጎንበስ ብለው ሳሙት። እኚያ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ። ያን ሲያደርጉ የጎደለብኝን ነገር የሚቆጥር ሰው በዚያ ቤት ውስጥ እኔ ብቻ እንደነበርኩ ገባኝ። በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼና እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሐኪሟን በቀጠሮዬ ቀን ጠየቅኋት። «ፋንቶም ነው፤ ዓይን ሲያይ አንጎል ይሰማዋል» አለችኝ። አልተከራከርኳትም፤ የምታውቀውን ነው የነገረችኝ። እኔም የማውቀውን አውቃለሁ። ሁለቱም እስከ ዛሬ በሰላም አብረውኝ ይኖራሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ እያለ የመጣ ነው። የመኪናዬን ፔዳል በግራ እግሬ መርገጥ ለመድኩ፤ መጀመሪያ ስፌቴ እንደ ጀማሪ ሲወላገድ ጽጌ ትስቅብኝ ነበር፣ አሁን ግን የድሮውን ከአዲሱ የሚለይ ደንበኛ የለኝም። ኢንሱሊኔን ጠዋትና ማታ ራሴ እወጋለሁ፣ ስኳሬን እለካለሁ፣ ጾም ሲመጣ ከሐኪሟም ከንስሐ አባቴም ጋር እመካከራለሁ፤ አባ ተክሌ፣ «መድኃኒትህን በልተህ ውሰድ፣ እኔ እጾምልሃለሁ» ብለውኛል። ያንን የጠመጠሙልኝን ነጭ ጨርቅ አይቼ ደግሞ አንድ ነገር አሰብኩና ከአቡጀዲ፣ ከጫማም ከፋሻም በላይ የሚጠለቅ፣ ወፍራም ሶል ያለው የጨርቅ ሽፋን ሰፋሁ። አባ አዩት፣ ባረኩት፣ «ጨምር» አሉኝ። ዛሬ በደጁ አጠገብ አንድ ቅርጫት ሙሉ አለ፤ ስኳር ያለበት፣ እግሩ ያበጠ፣ የቆሰለ ሁሉ አጥልቆ ይገባል፤ ሲሚንቶው ላይም ሰሌን ተነጥፎበታል። ከከተማው ዳር፣ ከባልባላ በሚኒባስ የሚመጡት መንገደኛ ልጆች አብዛኞቹ እግራቸው ቆስሎ ነው የሚደርሱት፤ እነሱን ወንበሬ ላይ አስቀምጬ በሳህን አጥባቸዋለሁ፣ የከፋውን ወደ ክሊኒክ እልካለሁ። ያው ደጅ ላይ ነኝ፤ ተቀምጬ ነው እንጂ። «ጫማ!» ማለት ትቻለሁ። «እስቲ እግርህን አሳየኝ» ነው የምለው።

ይህን የምታነቡ፣ ስኳር ያለባችሁም ይኑርባችሁ አይኑርባችሁ የማታውቁም፣ እባካችሁ ስሙኝ። ጥማታችሁን በሙቀት አታሳብቡ፣ ተለኩ። በየማታው ውስጥ እግራችሁን እዩ፤ ጎንበስ ማለት ካቃታችሁ መስታወት መሬት ላይ አድርጉ። የማያም ቁስል ሲያጋጥማችሁ ከሚያመው ይልቅ ፍሩት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሶላት አድርሳችሁ ለምትወጡ ጎረቤቶቼም ይኸው ነው፤ ነሐሴ ሃይማኖት አይለይም። እግራችሁን ያጣችሁ ደግሞ እንደኔ ግድግዳ ዞራችሁ ስምንት ወር አትተኙ። የተባላችሁት ኑ ነው።

ጉልበቴን ያተረፈችልኝን ሐኪም፣ ያላገባችውን እግር ስታስታምም የከረመችውን ጽጌን፣ አባ ተክሌን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እሱን ራሱን ምን ብዬ እንደማመሰግነው ግን እስካሁን ቃል አላገኘሁም።

ያቺን ልጅ አላገኘኋትም። ባሕሩን ትሻገር፣ ወደ አገሯ ትመለስ፣ ማንም የሚያውቅ የለም። ሸበጥ ያደረገች ልጅ በበሩ በመጣች ቁጥር ቀድሜ ፊቷን አያለሁ። ከቅርጫቱ ሥር አንድ ጥንድ አለ፣ ለማንም አልሰጠሁትም። ያን ቀን እግሯን ያየሁት ለአንድ አፍታ ነው፤ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ልክ አይጠፋብኝም። ጨርቁን ሳትፈታ ከላዩ እንዲገባላት ሰፋ አድርጌ ነው የሰፋሁት።