ሽምግልና በአምስተኛው ፎቅ

ከደሴ የወጣሁበትን ምሽት ሳስብ ዝናብ ይዘንብ የነበረ ይመስለኛል። እኅቴ ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር ትላለች፤ የማስታውሰውን ሁሉ መጠራጠር የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ሻንጣዬን ሳዘጋጅ አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ በዚህ እንኳ እርግጠኛ ነኝ። አባቴ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በውርስ ሲካሰሱ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፣ ለዚህም ከምስጋና በቀር የተቀበሉት ነገር የለም። እኔ ሥነ ልቦና የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ያለ ደመወዝ የአንድ ዓመት ፈቃድ ሰጥቶኝ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ከተመለስኩ ቦታዬ ይጠብቀኛል፣ ካልተመለስኩ ለሌላ ይሰጣል።

ቦሌ ሄጄ ኮቺንግ ልጀምር እንደሆነ፣ ሥራውም ሰዎች መልሳቸውን ራሳቸው እንዲያገኙ በጥያቄ ማገዝ እንደሆነ አስረዳኋቸው።

«መልሱን ሲያገኙ ይከፍሉሃል?» አሉኝ።

«ባያገኙም ይከፍሉኛል።»

ምን እንደመለሱልኝ ዘንግቼዋለሁ።

እናንተ ደሴ ያላችሁ፣ እዚህ ቦሌ ሊፍት ውስጥ ሰው ሰላም አይልም። እኔ ገና በመጀመሪያው ሳምንት እንደ እኛ አገር የሁሉንም ጤና፣ የቤተሰቡንም ደኅንነት መጠየቅ ጀምሬ ሰላምታው ሳያልቅ ፎቃቸው ደርሶ ይወርዱብኝ ነበር። ብርዱም እንደ እኛ ከጦሳ ተራራ ወርዶ አጥንት አይገባም፤ ሽሮው እየተንተከተከ ይመጣል፣ ግን በርበሬው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ቢሮዬ ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ናት። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ የያዝነውን ወሬ አቋርጠን እስኪያልፍ እንጠብቃለን።

የንግድ ፈቃድ ለማውጣት ስሄድ ከአገልግሎት መስጫው መስኮት ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ ኮቺንግ የሚባል ዘርፍ እንደሌላቸው ነግራኝ ምን እንደማማክር ጠየቀችኝ። አላማክርም፣ እጠይቃለሁ አልኳት።

«መጠየቁንማ እኛም እንጠይቃለን» አለችና ከኋላዬ የተሰለፈውን ሰው በአገጯ አሳየችኝ። መጨረሻ ላይ ማማከር ውስጥ ከተተችኝ።

የሕንፃው አስተዳዳሪ ጋሽ ታፈሰም ሥራዬ አልተዋጠላቸውም። ስንት ሠራተኛ እንዳለኝ ጠየቁኝ፤ ብቻዬን ነኝ አልኩ። ጸሐፊውስ? እኔው ነኝ። ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ማንን ነው የምታዘው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ስልክ ሲደወል «ቢሯችን» እላለሁ፣ በቢሯችን ግን ከእኔና ከሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች በቀር ማንም የለም። ብቻውን የሚሠራ ሰው ቀኑ ሲረዝምበት የሚቆጣው አለቃ እንኳ አያገኝም። ተነሥቼ መስኮት ጋ እሄዳለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ፣ ስልኩ ድምፁ ተዘግቶ እንደሆነ አያለሁ።

የመጡትም ቢሆኑ ምክር በክፍያ የሚሸጥ ነገር መሆኑን አልተቀበሉትም። ስለ ክፍያ ሳነሳ ቅር ይላቸውና ምሳ ይጋብዙኛል፣ እምቢ ስል ያጎርሱኛል። በቦሌ መንገድ ምግብ ቤቶች እየጠገብኩ፣ በኪራይ ጭንቀት እንቅልፍ አጣሁ።

እትዬ ትርሐስ የመጡት በዚህ መሐል ነው። የመቀሌ ሰው ናቸው፣ ኦሎምፒያ አካባቢ ብቻቸውን ያቋቋሙት የቤት ዕቃ መሸጫ አላቸው። ሱቁን ለልጃቸው ለሰናይት ሊያስረክቡ ይፈልጋሉ፣ እሷ ግን ወሬው በተነሣ ቁጥር ተነሥታ ትወጣለች። ምን ቢሆን ደስ እንደሚላቸው ጠየቅኋቸው።

«እሱን እንድትነግረኝ አይደል እንዴ የመጣሁት፣ ልጄ?»

በሦስተኛው ቀጠሮ በሩን ስከፍት ብቻቸውን አልነበሩም። ነጠላ የለበሱ ሁለት አዛውንት ከኋላቸው ቆመዋል፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ሰናይት ስልኳን እያየች ግድግዳውን ተደግፋለች።

«ሽማግሌ ሁለት ሆኖ አይቀመጥም» አሉኝ እትዬ ትርሐስ ረጋ ብለው። «ሦስተኛው አንተ ነህ።»

ይህ ሥራዬ እንዳልሆነ መናገር ነበረብኝ። ግን ከጎረቤት ቢሮ ወንበር ተዋስኩ፣ እኔ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከአዛውንቶቹ ታላቁ ጋሽ ኪሮስ የእናትን ድካም ከመነሻው ጀምረው ተረኩ፣ ሁለተኛውም በእሳቸው ላይ ጨመሩ፣ ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አባቴ እንዲህ ባለ ሰዓት ምን እንደሚሉ ለማስታወስ ጣርኩ። አንድም ቃል አልመጣልኝም፤ ትዝ ያለኝ ዝም ብለው መቀመጣቸው ብቻ ነው።

«ሰናይት፣ ሱቁን ብትረከቢ የምትፈሪው ነገር አለ?»

ጋሽ ኪሮስ ስለ እሷ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ አውሮፕላን መጣ። መስኮቱ ከጀርባዬ ተንቀጠቀጠ፣ ሁላችንም ጠበቅን። ድምፁ ሲርቅ የሁሉም ዓይን ልጅቷ ላይ አርፎ ነበር።

«ሱቁን አይደለም የምፈራው» አለች። «እማዬ እቤት መዋል አትችልም። ሥራ ያቆመች ቀን ትሞትብኛለች።»

እትዬ ትርሐስ የነጠላቸውን ጫፍ ያዙ። «መች እሞታለሁ አልኩሽ?» አሉ።

ጋሽ ኪሮስ ፍርዱን ጠበቁ። አንድ ሌላ ጥያቄ ልጠይቅ ወይ ስላቸው ወደ ጓደኛቸው ዞረው «ይኼ ልጅ መጠየቅ ብቻ ነው እንዴ የተማረው?» አሉ። ያን ቀን የተወሰነ ነገር የለም። እናትና ልጅ ግን በአንድ ሊፍት ወረዱ።

በማግስቱ ደውዬ ክፍያውን አነሳሁ። እትዬ ትርሐስ ለሽምግልና እንደማይከፈል፣ ልጅነቴን አይተው እንዳልተቀየሙኝ ነገሩኝ። ከሰዓት በኋላ ከሱቃቸው አራት የእንጨት ወንበሮች መጡ፣ ጋሽ ታፈሰም ተከትለው መጡ።

«ለአንድ ሰው ነበር ያከራየሁህ። ችሎት ከፈትክ?»

ይህን ብለው ግን አልሄዱም። ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ ተቀመጡ፣ የእጅ መደገፊያውን ዳሰሱት፣ ከወንድማቸው ጋር ከተነጋገሩ ብዙ ጊዜ እንደሆነ ነገሩኝ።

እሑድ አባቴ ደወሉ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እናትና ልጅ ታርቀው እንደሆነ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር።

«ማን ነው ቀድሞ የተናገረው?»

«ልጅቷ፣ አባዬ።»

«እ።» አሉ። «የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ነበር። ዓመቱ እያለቀ ነው፣ ይመለሳል ወይስ ቦታውን ለሌላ እንስጥ አለኝ። ምን ልበለው?»

«እርስዎ ምን ቢሉት ደስ ይልዎታል?»

«እኔን ተው፣ ደንበኛህ አይደለሁም።»

ሳቁ መሰለኝ፤ መስመሩ ጥሩ አልነበረም። ከዚያ ስለ ቢሮዬ ጠየቁኝ፤ ስፋቷን፣ ፀሐይ ታገኝ እንደሆነ፣ ደረጃው ለጉልበት ይከብድ እንደሆነ።

«ብመጣ የምቀመጥበት አለ?»

«አለ፣ አባዬ።»

በዚሁ ተሰነባበትን። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው ስለ ኃላፊው ምንም እንዳልመለስኩላቸው የገባኝ። እሳቸውም መልሰው አልጠየቁኝም።