የክሬል ሹራብ

የዋንዛ ጭስና የዓሣ ስብ ሲገናኙ የሚወጣው ሽታ ለቢያዝን የጣና ዳር ሽታ አልነበረም፤ የክሬል ሽታ ነበር። ክሬል በ1962 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ ዓሣ በጭስ ማድረቅ እንዲማር ወደ ስኮትላንድ ሲልከው ያረፈባት ጥንታዊ የባሕር ጠረፍ ከተማ ናት። ጣሪያዋ ቀይ ሸክላ፣ መንገዷ ወደ ወደቡ ቁልቁል የሚወርድ ድንጋይ፤ ከአሮጌው ሸንጎ ቤት ማማ ጫፍ ላይ ደግሞ ነፋስ የሚያዞረው ወርቃማ ዓሣ ተሰክቶባታል። «እኛ መስቀል የምንሰቅልበት ላይ እነሱ ዓሣ ሰቀሉ!» እያለ ሲያወራ የባሕር ዳር ባልደረቦቹ በሳቅ ይንከተከቱ ነበር።

እዚያ ያሳደሩት ሚስስ ሌኪ የሚባሉ፣ ባላቸውን ባሕር የበላባቸው ባልቴት ነበሩ። ሲሸኙት ያላለቀ ሰማያዊ ሹራብ አሳዩትና «እጅጌው ይቀረዋል፤ መጥተህ ትወስደዋለህ» አሉት። «እመጣለሁ» አለ። ያችን ቃል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዳልገባ ስለት ተሸክሟት ኖረ።

ደርግ ከመጣ በኋላ፣ በ1971 ዓ.ም.፣ ዳግመኛ ወደ ክሬል የሚያስኬድ የትምህርት ዕድል ተገኘ፤ ለአንድ ሰው። የቢያዝን ስም ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው የካድሬው ፊርማ ነበር። ካድሬው ደግሞ ሂስና ግለ ሂስ ሳይደረግ ለማንም አይፈርምም።

ያን ጊዜ ሁሉም ተራ በተራ ቆሞ ጥፋቱን ይናገራል፤ የጎደለውን ጓደኛው ይሞላለታል። ጥፋት የለብኝም ማለት ራሱ ጥፋት ነው። ስለዚህ ብልህ ብልሁ አስቀድሞ ቀላል ቀላሏን ይመራረጥ ነበር። ቢያዝንም አብሮት ዓሣ ከሚያጥነው፣ የልጁን ክርስትና ካነሣለት ከአበልጁ ከአለበል ጋር፣ ከመሸንቲ ገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ ተስማማ።

«እኔ ያረፍዳል እልሃለሁ» አለ ቢያዝን።

«እኔ ደግሞ ስብሰባ ላይ ያንኮራፋል። ውሸትም አይደል፣ አበልጄ!» ብሎ አለበል ትከሻውን መታ አደረገው።

ቀኑ ደረሰ። ቢያዝን ቃሉን ጠበቀ። «ጓድ አለበል ጠዋት ጠዋት ያረፍዳል» ሲል አዳራሹ ሳቀ።

አለበል ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓድ ቢያዝን ሠራተኛ ነው፤ ልቡ ግን እዚህ የለም። ዓሣ ስናጥን ክሬል፣ ምሳ ስንበላ ክሬል! ከሄደ የሚመለስ አይመስለኝም።»

ቢያዝን አዳራሹ እንዲስቅ ጠበቀ። የሳቀ የለም።

«የኢምፔሪያሊዝም ጭስ ታጥኗል በለኛ!» አለ ካድሬው። «ጓድ ቢያዝን፣ የማማውን ዓሣ እስቲ ንገረን። እንደምታወራው አድርገህ፣ እየሳቅህ።»

ነገራቸው። ያን ሁሉ ዓመት ሲያስቃቸው የኖረውን ወሬ ላብ እያጠመቀው ነገራቸው።

«ድገመው።»

ደገመው። ሦስተኛ ሲያስደግመው ሳቅ መጣ፤ ከሁሉ በላይ የሚሰማው የአለበል ነበር። የቢያዝን ስም ተሰረዘ፤ በምትኩ ተጠባባቂው ተላከ። ተጠባባቂው አለበል ነበር።

አለበል በስድስት ወሩ ሲመለስ የቢያዝን ሚስት የሺአረግ «እግርህን ሰብረህ ቤትህ ተቀመጥ!» ብትለውም፣ እሱ እንኳን ደህና ገባህ ሊል ሄደ። ክሬልን ያየ ዓይን ማየት አሰኝቶታል። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። አለበል በዚያ ሙቀት ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ መካከል ተቀምጦ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

ቢያዝን ጠላ ተቀዳለት።

«ዓሣው አለ?» አለ።

«የቱ ዓሣ?»

«የማማው።»

«እኔ እንደሆንሁ ወደ ላይ አላየሁም!» እንግዶቹ ሳቁ።

«ሚስስ ሌኪስ?»

«አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። በሩን ሲከፍቱ አንተን መስያቸው አቀፉኝ። ኋላ ‹ቢያዝንስ?› ቢሉኝ፣ ሂስ ምን፣ ካድሬ ምን ብዬ ላስረዳ? በዚያ በኔ እንግሊዝኛ! ሞተ አልኋቸው።»

ቢያዝን ወደ አፉ ያስጠጋውን ጠላ መለሰ።

«ሞተ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? አለቀሱ። ሲበቃቸው ይህን ከሣጥን አወጡና ‹እንግዲህ አንተ ልበሰው› አሉኝ። እጅጌው ረዘመብኝ እንጂ ጥሩ ሱፍ ነው። ዳስሰው እስቲ!» ብሎ ክንዱን ዘረጋለት።

ቢያዝን እጅጌውን አየው። ሳይጎድል፣ እስከ ጫፉ ተሠርቶ አልቋል። ያልተቀመሰውን ጠላ መሬት ላይ አስቀመጠና፣ የተዘረጋውን ክንድ አልፎ፣ ደህና ዋሉ ሳይል ወጣ።